የጦርነት ታሪክ ያለባቸውን ቦታዎች ስንጎበኝ

ላፍቶ የሚለው ስም በኦሮምኛ ግራር ማለት ነው። ዛሬ ከመካኒሳ ወደ ለቡ፣ ከለቡ ወደ ጀሞ ስንሄድ የምናየው ፎቅና አስፋልት ነው። ግራሩ ሄዷል፤ ስሙ ግን አልሄደም። አጠገቡ ደግሞ ንፋስ ስልክ አለ። ሬዲዮ ወደ አገራችን በገባ ጊዜ ሽቦ ሳይዘረጋለት ወሬ ያመጣል ብለው ሰዎች የነፋስ ስልክ አሉት። ስሙም በዚያው ቀረ። ወደ መሐል ከተማ ሲኬድ ጎፋ ሰፈር፣ ጠመንጃ ያዥ፣ ወሎ ሰፈር የሚባሉ ቦታዎች አሉ። እነዚህን ስሞች ሁላችንም በየቀኑ እንጠራቸዋለን። ከየት እንደመጡ ግን ቆም ብለን አንጠይቅም።

ሰፈር ማለት ምን ማለት ነው? ቃሉ የመጣው ሰፈረ ከሚለው ነው። ጦር ሲጓዝ ውሎ ድንኳን ተክሎ የሚያድርበት ቦታ ሰፈር ይባል ነበር። ዐፄ ምኒልክ ወደ ታች ከመውረዳቸው በፊት የተቀመጡት በእንጦጦ ተራራ ላይ ነው። ተራራው ጠላትን ከሩቅ ለማየት ይመቻል፤ ነገር ግን ይበርዳል፣ ማገዶውም እያለቀ ሄደ። ስለዚህ እቴጌ ጣይቱ ታች ከፍል ውሃው አጠገብ ቤት አሠሩና በ1879 ዓመተ ምሕረት አዲስ አበባ ተቆረቆረች። መኳንንቱ በየጉብታው ላይ ቦታ ተሰጣቸው። የእያንዳንዱ መኮንን ወታደር በጌታው ግቢ ዙሪያ ሰፈረ። እንግዲህ ከተማችን አነሳሷ የጦር ሰፈር ነው ማለት ነው። ከዚያ በፊትስ ባዶ መሬት ነበረ ወይ? አልነበረም። አገሩ ፊንፊኔ ይባል ነበር። የሚያርሱበትና ከብት የሚያሰማሩበት ኦሮሞዎች ነበሩ። ጉለሌና የካ የሚሉት ስሞች እዚያ ከነበሩት ጎሳዎች የቀሩ ናቸው። ላፍቶም ቢሆን የዚያው ቋንቋ ነው።

ስለዚህ የጦርነት ታሪክ ያለበትን ቦታ ለማየት ሩቅ መሄድ አያሻም። አንድ ቀን ተነሥተን፣ ስንቅ ቋጥረን፣ ደብተርና እርሳስ ይዘን ብንሄድ ብዙ ነገር እናያለን።

«ድንጋይ ለማየት የመጓጓዣ ገንዘብ ይወጣል እንዴ?» የሚል ሰው አይጠፋም። ጥያቄው ትክክለኛ ነው። ድንጋዩን ብቻ አይቶ ለሚመለስ ሰው ገንዘቡ የባከነ ነው። ሐውልት ማለት ሰዎች አንድ ነገር እንዳይረሳ ብለው ያቆሙት ምልክት ነው። ከፊቱ ስንቆም ሦስት ነገር መጠየቅ አለብን። ነገሩ የተፈጸመው መቼ ነው? ሐውልቱን ያቆመው ማን ነው? በነገሩ ውስጥ ኖሮ ሐውልቱ ላይ ያልገባውስ ማን ነው? የመጀመሪያውን ብዙ ጊዜ ድንጋዩ ላይ ተጽፎ እናገኘዋለን። ሁለተኛውን መጠየቅ ያስፈልጋል። ሦስተኛውን ግን ድንጋዩ አይነግረንም።

ስለ ዓመተ ምሕረቱ አንድ ነገር እናስረዳ። በየሐውልቱና በየቤተ መዘክሩ ለአንድ ነገር ሁለት ዓይነት ቁጥር ይገኛል። አንዱ የኛ ነው፤ ሌላው የአውሮፓውያን ነው። የኛ ቁጥር ከነሱ ያንሳል። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ ገደማ በ7 ዓመት፣ ከዚያ በኋላ እስከ ጳጉሜ በ8 ዓመት ያንሳል። ለምሳሌ በኛ የካቲት 12 ቀን 1929 የሆነው ነገር በነሱ በ1937 ነው። አንዱ መጽሐፍ 1929፣ ሌላው 1937 ቢል ውሸት አይደለም። እዚህ ጽሑፍ ውስጥ የምንጽፈው በኛ አቆጣጠር ነው። በነሱ ስንቆጥር እንናገራለን።

ከላፍቶ ተነሥተን በመካኒሳና በሳር ቤት አድርገን ሜክሲኮ እንደርሳለን። ከዚያ ወደ ጦር ኃይሎች በሚወስደው መንገድ ላይ ባልቻ ሆስፒታል አለ። ብዙ ሰው ሆስፒታሉን የሚያውቀው ለሕክምና ሲሄድ ነው። ስሙ የደጃዝማች ባልቻ ሳፎ ነው። ደጃዝማች ባልቻ በዐድዋ ጦርነት መድፍ የተኮሱ ሰው ናቸው። ከ40 ዓመት በኋላ ኢጣልያ እንደገና ስትመጣ፣ በሽምግልናቸው ጠመንጃ አንሥተው በ1929 ተዋግተው ሞቱ።

ከዚያ ወደ አራዳ እንወጣለን። አራዳ ጊዮርጊስ የዐድዋ ድል መታሰቢያ ነው። ድሉ የተገኘው የካቲት 23 ቀን 1888፣ በጊዮርጊስ ቀን ነበርና። ከቤተ ክርስቲያኑ ፊት ለፊት ዐፄ ምኒልክ በፈረስ ላይ ተቀምጠው የሚታዩበት ሐውልት አለ። የተመረቀው በ1923 ነው። ኢጣልያኖች አዲስ አበባን ሲይዙ ይህን ሐውልት ነቅለው መሬት ውስጥ ቀበሩት። ቤተ ክርስቲያኑንም አቃጠሉት። ነሐስ አይዋጋም፣ አይተኩስም። ታዲያ ነሐሱን የፈሩት ለምንድን ነው? ሕዝቡ ሐውልቱን ባየ ቁጥር ዐድዋ ትዝ እንደሚለው አውቀው ነው። ጠላት ከወጣ በኋላ ሐውልቱ ከተቀበረበት ተገኝቶ በቦታው ቆመ። አሁን ከዚሁ ብዙም ሳይርቅ በየካቲት 2016 የተመረቀው የዐድዋ ድል መታሰቢያ አለ።

ከጊዮርጊስ አጠገብ የአቡነ ጴጥሮስ ሐውልት ይገኛል። እዚህ ጋ ትንሽ እንቆይ።

ጠላት አዲስ አበባ የገባው ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ነው። ክረምቱ እንደገባ አርበኞች ከተማዋን መልሰው ለመያዝ ተማከሩ። አሳባቸው ከየአቅጣጫው በአንድ ጊዜ ለመግባት ነበር። የራስ ካሳ ልጆች እነ ደጃዝማች አበራ ከሰሜን፣ ደጃዝማች ፍቅረ ማርያም ከምሥራቅ፣ ደጃዝማች ባልቻ ደግሞ ከደቡብ ምዕራብ፣ ማለት ላፍቶ ባለችበት ወገን እንዲመጡ ታሰበ። ሐምሌ 21 ቀን ከሰሜን የመጡት ከተማዋ ውስጥ ገቡ። ሌሎቹ ግን በሰዓቱ አልደረሱም። ወንዙ ሞልቷል፣ መንገዱ ጭቃ ነው። እርስ በርስ የሚጠራሩበት ሬዲዮ የላቸውም፤ መልእክት የሚሄደው በእግረኛ ነው። ጠላት ግን ሬዲዮም አውሮፕላንም ነበረው። አሳቡ የከሸፈው አንዱ በዚህ ምክንያት ነው። በሐምሌ ወር ወንዝ የተሻገረ ገበሬ ይህን ከማንም በላይ ይረዳዋል።

አቡነ ጴጥሮስ ከእነዚህ አርበኞች ጋር ነበሩ። ጠላት ያዛቸውና አርበኞቹን እንዲያወግዙ ጠየቃቸው። እምቢ አሉ። ሐምሌ 22 ቀን 1928 በጥይት ተደብድበው ሞቱ። ሕዝቡም መሬቱም ለፋሺስት እንዳይገዛ ገዝተው ሞቱ እየተባለ ይነገራል። ይህ ሐውልት በ2005 የባቡር መንገድ ሲሠራ ከቦታው ተነሥቶ ነበር። በዚያን ጊዜ ብዙ ሰው «ይመለስ ይሆን?» ብሎ ሠግቷል። በ2008 ተመልሶ ቆመ። ለልማትም ቢሆን፣ ሲነሣ ዝም የማይባልለት ድንጋይ እንዳለ ከዚህ ይታያል።

አራት ኪሎ ላይ ያለው ረዥም ሐውልት የድል መታሰቢያ ነው። የሚያዝያ 27 ሐውልት እንለዋለን። ንጉሡ ከስደት ተመልሰው አዲስ አበባ የገቡት ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ነው። ጠላት የገባበትም ቀን ሚያዝያ 27 ነበር አላልንም? ቀኑ አንድ ነው፤ በመካከሉ ያለው አምስት ዓመት ነው። አጠገቡ ካለው ከቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ቅጥር ግቢ ብንገባ የብዙ አርበኞችን መቃብር እናያለን። ከመቃብሮቹ መካከል የአንዲት እንግሊዛዊት መቃብር አለ። ስሟ ሲልቪያ ፓንክረስት ነው። አገራችን ስትወረር አገሯ ሆና ስለ ኢትዮጵያ የሚጮህ ጋዜጣ ታሳትም ነበር። በኋላም መጥታ እዚሁ ኖራ በ1953 ሞተች።

አሁን ወደ ስድስት ኪሎ እንሂድ። ከሁሉ የሚከብደው ይኼኛው ነው።

ዛሬ ዩኒቨርሲቲ የሆነው ግቢ በዚያን ጊዜ ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ነበረ። የጠላት እንደራሴ ግራዚያኒ ይቀመጥበት ነበር። የካቲት 12 ቀን 1929 የኢጣልያ ልዑል ወንድ ልጅ ተወለደ ተብሎ ለድሆች ምጽዋት እንዲሰጥ ታዘዘ። ብዙ ችግረኛ ሰው ግቢው ውስጥ ተሰበሰበ። አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም የሚባሉ ሁለት የኤርትራ ተወላጆች በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ወረወሩ። ግራዚያኒ ቆሰለ እንጂ አልሞተም። ሁለቱ ልጆች ካጠገቡ አመለጡ። መኪና ነድቶ ከከተማ ያወጣቸው ስምዖን አደፍርስ የሚባል ወጣት ነው። እሱ ግን በኋላ ተይዞ በስቃይ ሞተ። የወራሪዎቹን ስም ብዙ ሰው ያውቃል፤ የዚህን ሾፌር ስም ግን ስንቶቻችን እናውቃለን?

ከዚያ በኋላ ሦስት ቀን ሙሉ በከተማዋ ላይ የወረደው መከራ ነው። መጀመሪያ ለምጽዋት የመጡት እዚያው ግቢው ውስጥ ተረሸኑ። ቀጥሎ በየሰፈሩ ቤት ከነሰዉ ተቃጠለ። ሰው በጥይት፣ በዶማ፣ በዱላ ተገደለ። ስንት ሰው ሞተ? ኢትዮጵያ ከጦርነቱ በኋላ ያቀረበችው ቁጥር 30,000 ነው። ኢጣልያኖቹ ግን በጣም አሳንሰው ተናገሩ። ኢያን ካምቤል የሚባል ተመራማሪ ብዙ ዓመት አጥንቶ 19,000 ያህል ነው ብሏል። ቁጥሮቹ ለምን ተለያዩ? ገዳይ የገደለውን አይመዘግብም፤ ቢመዘግብም አሳንሶ ነው። ሟቹ ደግሞ ከነቤተሰቡ ከተቃጠለ «አባቴ ሞተ» ብሎ የሚያስመዘግብ ልጅ አይተርፍም።

በአደባባዩ መካከል ያለው የየካቲት 12 ሐውልት ፊደል ለማያውቅም ይነበባል። ድንጋዩ ዙሪያውን በሰው ምስል ተቀርጿል። ሲገደሉና ሲቀበሩ ያሳያል። ዙሪያውን ቀስ ብሎ መዞር ነው። ከዚያ ወደ ዩኒቨርሲቲው ግቢ መግባት ይቻላል፤ መታወቂያ መያዝ ይጠቅማል። ከቀድሞው ቤተ መንግሥት ፊት ለፊት ወደየትም የማያደርስ ደረጃ አለ። ፋሺስቶች የሠሩት ነው። እያንዳንዱ እርከን ሙሶሊኒ የገዛበትን አንድ ዓመት ይቆጥራል። ስትሄዱ እናንተም ቁጠሩት። ደረጃው አልፈረሰም። ኢትዮጵያውያን ጫፉ ላይ አንድ ትንሽ አንበሳ አስቀመጡበት። እኛ ከከተማው ሐውልቶች ሁሉ ይህን እንወደዋለን። አንድም ቃል ሳይጻፍበት ደረጃውን ማን እንደሠራው፣ በመጨረሻ ማን እንደወጣበት ይናገራል።

ከከተማ ውጭ ያሉትን ደግሞ እንይ። ደብረ ሊባኖስ በሰሜን ሸዋ የሚገኝ ትልቅ ገዳም ነው። ብዙዎቻችሁ ለስለት ሄዳችሁ ይሆናል። ግራዚያኒ ቦምብ የወረወሩት ልጆች በዚያ አልፈዋል ብሎ ገዳማውያኑን ወነጀለ። በግንቦት 1929 መነኮሳቱ በመኪና እየተጫኑ ተወስደው ተረሸኑ። ግራዚያኒ ለአለቆቹ በላከው ቴሌግራም የገደላቸውን ቆጥሮ ከ400 በላይ አድርሶታል። ለብዙ ዓመት መጽሐፍ ሁሉ ይህንኑ ቁጥር ይዞ ኖረ። ኋላ ግን ተመራማሪዎች ወደ አካባቢው ሄደው ሽማግሌዎችን ጠየቁ። እነማን ተወሰዱ፣ በየት በኩል ተወሰዱ፣ ስንት መኪና ነበር እያሉ ጠየቁ። ካምቤልና ደግፌ ገብረ ጻድቅ የሚባሉ ሁለት ሰዎች ባደረጉት ጥናት የሟቾቹ ቁጥር ከ1,000 በላይ ሆኖ ተገኘ። ለበዓል የመጡ እንግዶች ጭምር ተገድለው ነበር። ወረቀቱ ያልያዘውን የአገሬው ሰው ይዞት ነበር።

ሌላም አለ። በዚያው በሰሜን ሸዋ ዘረት የሚባል ዋሻ አለ። የአካባቢው ሰው አመፀኛ ዋሻ ይለዋል። በሚያዝያ 1931 የአርበኛው የአበበ አረጋይ ወገን የሆኑ ሰዎች እዚያ ተጠልለው ነበር። ሁሉም ተዋጊ አልነበረም። ሴቶች፣ ሕፃናት፣ ሽማግሎችና ቁስለኞች ነበሩበት። ጠላት ዋሻውን ከበበና የመርዝ ጋዝ ወደ ውስጥ ለቀቀ። ይህ ጋዝ ዓይን ያሳውራል፣ ቆዳ ይልጣል፣ ሳንባ ያቃጥላል። በጦርነት እንዳይሠራበት በአውሮፓ አቆጣጠር በ1925 ብዙ መንግሥታት የተስማሙበት ነው። ኢጣልያም ፈርማ ነበር። ከዋሻው የወጡትን ወንዶች ሰብስበው ረሸኗቸው። የሞተው ሰው ብዙ መቶ ነው።

ይህ ነገር በታሪክ መጽሐፍ ሳይገባ 67 ዓመት ቆየ። በ1998 አንድ ኢጣልያዊ የታሪክ ተማሪ የአገሩን የጦር መዝገብ ሲያገላብጥ ወሬውን አገኘና ቦታውን ፍለጋ መጣ። ዋሻው ውስጥ አጥንት፣ ሸክላና የእህል ማከማቻ እስካሁን ነበረ። ዓለም አዲስ ነገር ተገኘ አለ። ለአገሩ ገበሬ ግን አዲስ አልነበረም። ከአባቱ ሰምቷል፣ ስሙንም ያውቃል፣ ዋሻውን ሲያልፍ ያማትባል። ያልነበረው የሚጽፍ ሰው ነው።

በሌላውም ዓለም እንዲህ ያለ ነገር ይገኛል። አሜሪካኖች የጥንት ምሽጎቻቸውንና የጦር ሜዳዎቻቸውን አጥረው ይጠብቃሉ፤ ሰዉ ልጆቹን ይዞ ይጎበኛል። ከነዚህ አንዱ ሊትል ቢግሆርን ይባላል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1876 የአገሩ ነባር ሕዝቦች መሬታቸውን ሊወስድ የመጣውን የመንግሥት ጦር ድል ያደረጉበት ሜዳ ነው። ነገር ግን ቦታው ከመቶ ዓመት በላይ ሐውልት የነበረው ለተሸነፉት ወታደሮች ነው። ሜዳው ራሱ በተሸናፊው የጦር አለቃ በከስተር ስም ይጠራ ነበር። ስሙ የተለወጠው በነሱ አቆጣጠር በ1991 ነው። ለነባሮቹ መታሰቢያ የቆመላቸው ደግሞ በዚያው አቆጣጠር በ2003 ነው። ድል አድርገውም ድንጋይ አላገኙም ነበር፤ ድንጋዩን የሚያቆመው ሌላ ሰው ነበራ።

ወደኛው እንመለስ። በኛ ሐውልቶች ላይ ጠመንጃ የያዘ ወንድ እናያለን። ሴቶቹ የት ናቸው? ከበደች ሥዩም ባሏ ደጃዝማች አበራ ከተገደለ በኋላ ጦር መርታ ተዋግታለች። ሸዋረገድ ገድሌ ለአርበኞች መሣሪያና ወሬ ስታቀብል ተይዛ ኢጣልያ አገር ታስራለች፤ ስትመለስም ተዋግታለች። እነዚህ ስማቸው የታወቀው ናቸው። በሶ አዘጋጅታ፣ ውሃ ተሸክማ፣ ቁስል አጥባ በየጫካው የተንከራተተችው ስሟ የለም። ለአርበኛ እህሉን ሰጥቶ ቤቱ የተቃጠለበት ገበሬም ስሙ የለም።

እነዚህን ስሞች ከየት እናገኛለን? ያንን ዘመን በዓይኑ ያየ ሰው ዛሬ የለም ለማለት ይቻላል። ያለው ከእናቱ ወይም ከአባቱ የሰማ ነው፤ እሱም አርጅቷል። ቦታውም እየተለወጠ ነው። በላፍቶ ዙሪያ ትናንት እርሻ የነበረው ዛሬ ኮንዶሚኒየም ነው። «እዚያ ዋርካው ሥር ነው የተቀበሩት» ይባል የነበረው ዋርካ ከተቆረጠ ነገሩን ምን ላይ ቆሞ ያሳያል?

እንግዲህ አንድ ሽማግሌ ወይም አንዲት አሮጊት ስንጠይቅ እንዴት እንደምንጠይቅ እንነጋገር። «ታሪክ ይንገሩኝ» ከተባለ የሚነገረን የነገሥታቱ ታሪክ ነው። ያንን ከመጽሐፍ እናገኘዋለን። «እማማ፣ በጠላት ጊዜ እናትዎ የት ነበሩ? ምን ይበሉ ነበር? ከብቱ የት ገባ? ከሰፈሩ ማን ሞተ? የት ተቀበረ?» ብለን ብንጠይቅ ሌላ ነገር ይወጣል። ዓመተ ምሕረቱን ላያውቁት ይችላሉ። «የአንበጣው ዓመት»፣ «ታላቄ በተወለደ በሦስተኛው» ቢሉን እንደዚያው እንጽፈዋለን፤ በኋላ ይቆጠራል። የነገሩን ሰው ስም፣ ከማን እንደሰሙት፣ ያወሩልንን ቀን ከታች እናስቀምጣለን። ቦታውን ካሳዩን ከታወቀ ነገር፣ ከወንዝ፣ ከቤተ ክርስቲያን ወይም ከመስጊድ በስንት እርምጃ እንደሚገኝ እንጽፋለን። ዛፍ ይቆረጣልና ዛፍን ብቻ ምልክት ማድረግ አይበቃም።

አጥንት ወይም አሮጌ ዕቃ ያለበት ቦታ ከደረስን አንነካም፣ አናነሣም። የጥይት ቀለህ እንኳ ቢሆን የት ጋ እንደወደቀ ማወቁ ተኳሹ የት እንደቆመ ይነግራል። ኪስ ውስጥ ከገባ በኋላ ግን የብረት ቁራጭ ብቻ ነው። ያልፈነዳ ነገር ካየን ደግሞ ርቀን ለፖሊስ ማስታወቅ ነው።

ሁለት ሽማግሎች አንድን ነገር በሁለት ዓይነት የነገሩን እንደሆነስ? አንዱ «አርበኞቹ በሌሊት አለፉ» ሲል ሌላው «ሲነጋ ነው» ቢል የትኛውን እንጽፋለን? ሁለቱንም፣ እያንዳንዱን ከነተናጋሪው ስም።